እትዬ አስካለና በር የሚያንኳኳው ጅብ

እትዬ አስካለ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት አሰላ በሚገኘው ቤታቸው ዐረፉ። በማግስቱ ዘመድ፣ ወዳጅና ጎረቤት በተገኘበት ቀብራቸው ተፈጸመ። ለሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ከሁሉም አፍ የሰማሁት አንድ ነገር ነው፤ «ልጆች እንዴት ይወዱ ነበር።»

ሐሰት ነው። እትዬ አስካለ ልጆች አይወዱም ነበር።

ይህን ያልኩት ሟች ለማማት አይደለም፤ ራሳቸው ነግረውኛል። «ሕፃን ጩኸት ነው» አሉኝ አንድ ቀን። «እኔ የምወደው ጸጥታ ነው። ልጅ አፉን ከፍቶ ጸጥ የሚለው ደግሞ ሥዕል ሲያይ ብቻ ነው። ታዲያ ምን ላድርግ?» አገራችን ሰው ሲሞት ጠባዩን አጥቦ የመቅበር ልማድ አላት። ነገረኛው «ግልጽ ሰው» ይባላል፤ ስስታሙ «ለነገ የሚያስብ»፤ ሰነፉ ደግሞ «ረጋ ያለ»። እሳቸው እንዲህ ያለ ውለታ አያስፈልጋቸውም። ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ የጤና ጣቢያ ኮሪደር ተቀምጠው ለሕፃናት የተረት ሥዕል ያሳዩት በርኅራኄ ሳይሆን በብልጠት ነበር። ብልጠታቸው ከብዙዎቻችን ርኅራኄ የበለጠ ሥራ ሠርቷል። አሁን ያ ወንበር ባዶ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው ስለ ወንበሩ ጭምር ነው።

ለማያውቋቸው ልንገር። እትዬ አስካለ የተወለዱት ጢቾ ነው። በወጣትነታቸው አሰላ መጡና ጡረታ እስኪወጡ በካርድ ክፍል ሠሩ። የእናቴ ጓደኛ ስለነበሩ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ረጅም ነበሩ፤ ክረምት ከበጋ ሰማያዊ ሹራብ ይለብሳሉ፤ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ከገጠር የሚመጡት እናቶች «አዴ አስካለ» ይሏቸዋል። ኦሮምኛቸው እንደ አማርኛቸው ፈጣን ነበር፤ በአንዱ ጀምረው በሌላው ሲጨርሱ የት ላይ እንደ ተሻገሩ ማንም አያስተውልም።

አራት ትልልቅ የተረት መጻሕፍት ነበሯቸው። እርሻ ሊያስተምሩ መጥተው የነበሩ ፈረንጆች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከአንድ ቁም ሳጥን ጋር ትተዋቸው ሄዱ፤ ቁም ሳጥኑን የወረሱት እትዬ አስካለ መጻሕፍቱንም ወረሱ። ፈረንጅ ለልጁ ከጥንት ጀምሮ ሲነግረው የኖረው ተረት ነው፤ ንጉሥና ልዕልት፣ ጥቁር ጫካ፣ ጠንቋይ፣ የሚናገር እንስሳ። እያንዳንዱ ገጽ በቀለም የተሞላ ነው። ጽሑፉ እሳቸው በማያውቁት ቋንቋ ነበር፤ የየትኛው አገር ቋንቋ እንደሆነም ጠይቀው አያውቁም። የሚያነቡት ሥዕሉን ነበር።

የክትባት ቀን ሐሙስ ነው። እናቶች ሕፃኑን አዝለው፣ ከፍ ያለውን ልጅ በእጃቸው ይዘው ይመጣሉ። ክትባቱ ለታዘለው ነው። የሦስትና የአራት ዓመቱ ታላቅ ግን የሚመጣው ቤት የሚጠብቀው ስለሌለ ብቻ ነው። ስሙን የሚጠራው የለም፤ የሚመዝነው የለም፤ ኮሪደሩን በጩኸት የሚያናውጠው ግን እሱ ነው። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን የጣሉት በዚህ ልጅ ላይ ነበር። የዕለቱን ካርዶች አውጥተው ሲጨርሱ መጥተው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ይዘረጋሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። «ኑ» አይሉም። ዶሮ ጥሬ እንደምታይ ልጆቹ አንድ በአንድ ይጠጋሉ።

ሕግ ነበራቸው። ገጹን የሚገልጠው እጁን የታጠበ ልጅ ነው፤ ያየውን ሳይናገር ግን አይገልጥም። «ምን አየህ?» ይላሉ። «ሴትዮ።» «ምን ሆናለች?» «ተቆጥታለች።» «በማን?» እንዲህ እንዲህ እያለ ተረቱ ከልጁ አፍ ይወጣል። አንዱ በአማርኛ የጀመረውን ሌላው በኦሮምኛ ይቀበለዋል። ሥዕሉ ሁለቱንም ቋንቋ ይችላል።

የሕፃኑ ስም ሲጠራ ግን መጽሐፉ ይዘጋል። «ቀሪው ለቀጠሮ» ይላሉ። ልጁ ቢያለቅስ፣ መሬት ላይ ቢንፈራፈር፣ እናትየዋ ብትለምን አይከፈትም። ከዚያ እርሳሳቸውን ያወጡና በሕፃኑ ካርድ ጀርባ ላይ የታላቁ ተረት የቆመበትን ቦታ ይጽፋሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ከዚያው ይቀጥላል።

ለዚህ ነው ብልጠት ያልኩት። አንዴ በእግሯ ረጅም መንገድ የመጣች እናት፣ ልጇ ከመርፌው በኋላ ሲያተኩሰው ያደረች እናት፣ ሁለተኛ መምጣት ያስፈራታል። እርሻም አለ፣ ገበያም አለ። የጤና ሠራተኞች ምክር ሰጡ፤ ስብሰባ ጠሩ። እትዬ አስካለ ግን ቤቷ ውስጥ አስታዋሽ አስቀመጡባት። አንዲት ከጭላሎ ተራራ ግርጌ የመጣች እናት ስትማረር ራሴ ሰምቻለሁ።

«አዴ አስካለ፣ ሥራዬን ትቼ ነው የመጣሁት። ይቺ ልጅ አላስቀምጥ አለችኝ። ወንድሜ ቀጠሮ አለው፣ ወንድሜ ቀጠሮ አለው። ስንት ቀን ቀረው ትለኛለች። ምን አስነክተዋት ነው?»

«ምንም» አሉ እትዬ አስካለ። «ጅቡ በር ላይ እያለ ሄደችብኝ።»

ስለ ጅቡ ልንገራችሁ። በሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ልጆቹ ከሁሉ የሚወዱት አንድ ሥዕል አለ። ጫካ መሀል ያለች ትንሽ ቤት ናት። ውስጥ እናትና ልጅ እሳት ይሞቃሉ፤ ውጭ ምድሩ በረዶ ለብሷል፤ አንድ ትልቅ ጠጉራም እንስሳ በኋላ እግሮቹ ቆሞ በሩን ያንኳኳል። ሠዓሊው የሣለው ድብ ነው። አርሲ ውስጥ ድብ አይቶ የሚያውቅ ልጅ ከየት ይመጣል? ትልቅ፣ ጠጉራም፣ ሰው ቤት ደጃፍ የሚያንዣብብ። «ዋራቤሳ» አሉ የገጠሮቹ። «ጅብ» አሉ የከተማዎቹ። እትዬ አስካለ አላረሟቸውም፤ እሳቸውም ድብ አይተው አያውቁም። በዚህ ስሕተት ምክንያት አሰላ በዓለም ላይ የትም የሌለ ተረት አላት፤ ጅብ እንደ እንግዳ በር አንኳክቶ መልስ የሚጠብቅበት። ዘሎ የሚገባ ጅብ ልጆቹ ያውቃሉ። የሚያንኳኳ ጅብ ግን ምን ይደረጋል?

አንድ ወጣት የጤና መኮንን ከሌላ ክልል ተመድቦ በመጣ ሰሞን የታመመ ሕፃን ካርድ ይገለብጣል። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ጅቡ በር ላይ» ይላል። ደንግጦ እናትየዋን «መቼ ነው የነከሰው?» ብሎ ጠየቃት፤ እናትየዋም የባሰ ደነገጠች። ካርዱን ይዞ ወደ ካርድ ክፍል መጣ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የቆመበት ነው።»

«የምኑ?»

«የተረቱ።»

«ይሄ እኮ የሕክምና መዝገብ ነው።»

«እኔ በጀርባው ነው የጻፍኩት ልጄ። በፊቱ አንተ ጻፍ።»

ከጥቂት ወራት በኋላ ያ መኮንን ሐሙስ ሐሙስ በኮሪደሩ ሲያልፍ እርምጃውን ቀስ ማድረግ ጀምሮ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ብዙ ካነበብኩና ጥቂት ከገባኝ በኋላ በአንድ ጋዜጣ ላይ ስለ ፈረንጅ ተረት ጽፌ ነበር። ለአርሲ ልጅ በረዶና ወርቃማ ፀጉር ያላት ልዕልት ምኑ ናት አልኩ። ልጁ የራሱን ቤት እንዲንቅ የሚያስተምር መርዝ ነው አልኩ። ለምሳሌም «በአንድ የአሰላ ጤና ጣቢያ ኮሪደር ውስጥ» ብዬ ጠቀስኩ። በዚያ ኮሪደር አንድ ሰዓት ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ጽሑፉ ተወደደ። እኔ ስለ መንገድ ጽፌያለሁ፤ ስለ ውኃ ጽፌያለሁ፤ ስለ ትምህርት ቤት ጽፌያለሁ፤ አንድም መሥሪያ ቤት ሰምቶኝ አያውቅም። በሕይወቴ የተሳሳትኩባትን አንዷን ጽሑፍ ግን መርጠው ተገበሯት። አዲሱ የጤና ጣቢያ ኃላፊ መጻሕፍቱን ሰብስቦ ዕቃ ክፍል ቆለፈባቸው፤ ከወንበሩም በላይ ስለ እጅ መታጠብ የሚናገር ፖስተር ለጠፈ።

እትዬ አስካለ በእናቴ በኩል አስጠሩኝ። ቤታቸው ሄጄ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«ጽሑፍህን አነበብኩት» አሉ። «አማርኛው ጥሩ ነው።»

ቀሪውን ጠበቅሁ። ቀሪ አልነበረም።

«ተቀየሙኝ እትዬ?»

«ለምን እቀየምሃለሁ? ሐሙስ ጠዋት ና። መቼስ ሥራ የለህም።»

ሁለተኛው መጽሐፍ ጥራዙ ተበጥሶ ስለነበር ሊሰፉት ቤት ወስደውት ነበር፤ ስለዚህም ሳይቆለፍበት ተርፏል። ግቢ ውስጥ ማሳየት ስለተከለከሉ ከአጥሩ ውጭ የድንጋይ ድርድር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የአምስት ዓመት ግድም ሐዊ የምትባል ልጅና ሌሎች አራት ልጆች ከበዋቸዋል። እናቶቻቸው በር ላይ ተሰልፈዋል። እኔም ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

«ምን አየሽ?» አሏት ሐዊን።

«ቤት። እናትና ልጅ። ውጭው ብርድ ነው።» ትንሽ አሰበችና «ጭላሎ ነው» አለች።

እኔ የፈረንጅ አገር በረዶ ብዬ ያለቀስኩለት፣ ለልጅቷ አንዳንድ ማለዳ ከደጇ ሆና ተራራው ላይ የምታየው ውርጭ ነበር። አላስችል አለኝና «የእናትየዋ ፀጉርስ?» አልኳት። የጽሑፌ ምሰሶ ያ ፀጉር ነበር። ሐዊ ምን ዓይነቱ ነው በሚል ዓይን አየችኝ።

«የደረሰ ገብስ ነው የሚመስለው» አለች።

አንድ ገጽ ሙሉ የጻፍኩበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር አፈረሰችው። ሽንፈት ስለማልወድ ሌላ ቀዳዳ ፈለግሁ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ጅብ አይደለም። ድብ ነው።»

«ድብ ምንድን ነው?» አለ አንዱ ልጅ።

ማስረዳት ጀመርኩ። ከሰሜን አገሮች ተነሣሁ፤ ስለ ክረምት እንቅልፉ ተናገርኩ፤ ስለ ማር። ልጁ አዛጋ። ሌላው ጣቱን አፍንጫው ውስጥ ከተተ።

«ጨረስክ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ጨረስኩ።»

«እሺ። ጅቡ በር ላይ ነው። ትከፍታላችሁ?»

«አይከፈትም» አለ ያዛጋው ልጅ ድንገት ነቅቶ። «የአያቴን ፍየል በልቷል።»

«ይሄኛው አልበላም» አለች ሐዊ። «ይሄኛው አንኳክቷል። ምን እንደፈለገ ይጠየቅ።»

«ጅብ ይዋሻል።»

«አንተም ትዋሻለህ፤ እኛ ቤት ግን ትገባለህ።»

ልጁ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ከውስጥ የሐዊ ወንድም ስም ተጠራ። መጽሐፉ ተዘጋ። ሐዊ ከንፈሯን ነክሳ ተነሣች፤ አላለቀሰችም፤ «ስንት ቀን ነው?» ብቻ አለች። እኔ፣ በብዙ ቋንቋ የተጻፈ ተረት ያነበብኩ፣ ጎልማሳ ሰው፣ እዚያ ድንጋይ ላይ እንደ ሕፃን ቀሪውን ፈለግሁ።

«ይከፈትለታል እንዴ እትዬ?»

«ቀሪው ለቀጠሮ።»

«እኔ ቀጠሮ የለኝም።»

«ሥራ ግን አለህ። መጻሕፍቱን ያስወጣኸው አንተ ነህ። በእጅህ ተሸክመህ አስገባቸው።»

ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበለኝ።

«ጋሼ፣ የእርስዎን ሐሳብ ነው እኮ የተገበርነው።»

«ተሳስቼ ነበር።»

«እሱን በጽሑፍ ቢያቀርቡልን።»

የክትባት ክፍሏ ሲስተር ጫልቱ በሩን ከፍታ ቆማ ትሰማ ነበር። «በጽሑፍ እስኪመጣ እናቶቹ አይመጡም» አለች። «ከገጠር የሚመጡት እየቀሩብኝ ነው። ልጆቹ እንደ ድሮው አይጎተጉቷቸውም። ቁልፉን ይስጡኝ።»

እዚያው ጠረጴዛ ላይ «ተሳስቼ ነበር» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩበት። ከጻፍኳቸው ሁሉ አጭሩ ነው፤ ያመሰገነኝም የለም። ሣጥኑን ተሸክሜ በኮሪደሩ ሳልፍ እትዬ አስካለ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ተላላኪዋ ፖስተሩን ልታነሣው ስትል ከለከሏት። «ተዪው» አሉ። «እጅ መታጠብ ጥሩ ነው።»

ጡረታ ከወጡም በኋላ ሐሙስ ቀርተው አያውቁም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ለማንም አልተናገሩም። እኔ ያወቅሁት አንድ ልጅ መጽሐፉን ገልብጦ ጭናቸው ላይ ሲያኖርላቸው ሳያቀኑት ጥያቄያቸውን በቀጠሉ ጊዜ ነው።

«ከመቼ ወዲህ ነው እትዬ?»

«ቆየ። ምን ይጎድላል? ድሮም የሚያዩት እነሱ ናቸው።»

ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ስለ ሕመማቸው ሳነሣ ዘለሉት።

«ሐሙስ ማን ይቀመጣል?» አሉኝ።

«እኔ እቀመጣለሁ።»

«አንተ ታብራራለህ።»

«እተዋለሁ።»

«አትተውም። ሰው ፈልግ። ብዙ ሰው ይሁን። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ይሞታል።»

ይህን ሲሉ አላዘኑም፤ የወንበር እግር እንደ ላላ እንደሚናገር ሰው ነበሩ።

ድንኳኑ ውስጥ የሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለቅሶ ቤት የማይሆን ነገር ነው። ዴራ መንገድ ላይ ጎሚስታ ያለው አንድ ጎልማሳና ሲሬ የምታስተምር አንዲት መምህርት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። አይተዋወቁም። እሱ ስለ ጅቡ አነሣ።

«እናትየዋ ከፍታለት እሳት ሲሞቅ አደረ» አለ።

«የት አድሮ?» አለች መምህርቷ። «በመስኮት ነው ምግብ የሰጠችው። በሩማ አልተከፈተም።»

«እኔ እዚያው ወንበር ላይ ነው የሰማሁት፤ ተከፍቷል።»

«እኔስ ከመንገድ ነው የሰማሁት? ያልኩትን ሰምተው እሱን ነው የነገሩን።»

አንድ ሽማግሌ ዘወር ብለው እስኪያዩአቸው ድረስ ተከራከሩ። ያኔ ገባኝ። እትዬ አስካለ ለእያንዳንዱ ጎራ የየራሱን ፍጻሜ ሰጥተዋል፤ ተማክረው የወሰኑትን ነበር የሚያጸኑላቸው። ሁለት ጎልማሶች፣ የየራሳቸው ልጆች ያሏቸው፣ በሕፃንነታቸው የወሰኑትን ዛሬም ይሟገቱለታል። እኔ ከጻፍኳቸው ጽሑፎች ለአንዱ እንኳ እንዲህ የተሟገተ አንባቢ አላውቅም።

በቀብሩ ማግስት ሐሙስ ነበር። ከድንኳኑ ወጣ ብዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ተፈራው አብራራሁ። ሦስት ልጆች ጥለውኝ ሄዱ፤ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ አዝናልኝ ይመስለኛል ቆየች፤ ገጹንም ለእኔ ገለጠችልኝ። ስንጨርስ ሲስተር ጫልቱ አንድ እፍኝ ካርድ አምጥታ አሳየችኝ። ጀርባቸው ላይ በትልልቅ፣ በተንጋደዱ ፊደላት ተጽፏል። «ልዕልቷ ዛፍ ላይ።» «ጠንቋይዋ ተኝታ።» «ጅቡ በር ላይ።» የእትዬ አስካለ የመጨረሻ ሳምንታት ጽሕፈት ነው። የእነዚህ ልጆች ቀጠሮ ገና አልደረሰም። አንዳንዱ በሚቀጥለው ሐሙስ ነው፤ አንዳንዱ ከወር በኋላ። እትዬ አስካለ መሞታቸውን አልሰሙም፤ ቀን እየቆጠሩ እናቶቻቸውን እያስቸገሩ ነው። ይመጣሉ።

እትዬ፣ እኔ ከእርስዎ ጋር ታርቄያለሁ፤ ሣጥኑን ያስሸከሙኝ ቀን። በሕይወትዎ ሳሉ ሞገስ አልወደዱም፤ አሁንም አላበዛብዎትም። ልጆች ሳይወዱ ልጆችን አከበሩ፤ ከሚወዱትም የሚያከብር ጥቂት ነው። የማያውቁትን ቋንቋ ይዘው ሁላችንን አናገሩን። የጢቾ ልጅ፣ የአሰላ እናት፣ አፈሩ ይቅለልዎት። በጸጥታ ይረፉ፤ የሚወዱት እሱን ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ «ልጆች ይወዱ ነበር» ስትሉ የሰነበታችሁ ደግሞ፣ የእናንተን እንባ ድንኳኑ ጠግቧል። ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት ጤና ጣቢያው ኑ። በየተራ፣ አንድ አንድ ሐሙስ። ሲስተር ጫልቱ ካርዶቹን ትሰጣችኋለች። ተቀመጡና ልጁን ምን እንዳየ ጠይቁት፤ ከዚያ ዝም በሉ። እኔ አልችልበትም። እናንተ ኑ።